መልስ፦ የራስ ደም የሳሳ ፀጉር ይመልሳል ወይ?

«ከራሴ ደም ወስደው ጭንቅላቴን ቢወጉኝ ፀጉሬ ይመለሳል?» ላልሽው፣ ከሳሳ ሊረዳ ይችላል። ሙልጭ ያለ ራሰ በራ ላይ ግን ብዙ አትጠብቂ።

ፒአርፒ ይባላል። ከክንድሽ የተቀዳው ደም በማሽን ይሽከረከራል። ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) የበዛበት ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። የሚወጋው እሱ ነው። ፕሌትሌት ቁስል እንዲድን የሚያግዙ ፕሮቲኖች ስላሉት የፀጉሩን ሥር ያነቃቃል ተብሎ ይታሰባል። አንዴ ተወግተሽ አትገላገይም፤ ብዙ ጊዜ በወር ልዩነት 3 ጊዜ ይሰጣል፣ በኋላም ይደገማል።

ለፊት የሚሠራውን «ቫምፓየር ፌሻል» ይሉታል። ስሙ ከሥራው ይበልጣል ባይ ነኝ።

ደሙ የራስሽ ስለሆነ አለርጂው ብዙም አያሰጋም። የሚያሰጋው መርፌው ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 በተዘጋ ፈቃድ አልባ ስፓ ይህንኑ የፊት ሕክምና ያሠሩ ሴቶች ኤችአይቪ ይዟቸዋል። ስለዚህ የመርፌው ማሸጊያ አንቺ እያየሽ ካልተከፈተ ተነሺና ውጪ።