የሚነዝር አምፕ፣ የተጠቀለለ ፊውዝ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የጊታሬ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) «እምምም» እያለ አስቸገረኝ። ጓደኛዬ የኧርዟን (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምትወስደውን) ሽቦ ሲቆርጣት ጸጥ አለ። አሁን ግን እየዘፈንኩ ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ይነዝረኛል። ጫማ ብቀይር ይሻለኛል? (ከለገጣፎ)

ጫማውን ተወው። አምፑን ንቀል፣ አሁኑኑ።

ጓደኛህ ጎበዝ ጊታሪስት ይሆናል፤ ኤሌክትሪሻን ግን አይደለም። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በኧርዟ በኩል ይሄድና ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ይወርዳል። ኧርዟ ከሌለች ግን 220 ቮልቱ ብረቱ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው ይጠብቃል። የጊታርህ ክር በኬብሉ በኩል ከዚያው ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ማይኩ ደግሞ በሚክሰሩ (ድምፅ ማቀላቀያው) በኩል ከኧርዝ ጋር። ክሩን ይዘህ ማይኩን ስትነካ መንገዱን የገጠምከው አንተ ነህ። ዛሬ ነዘረህ፤ ነገ ሊገድልህ ይችላል።

ሽቦዋን መመለስ ብቻውን አይበቃም። ዳር ዳሩን በጥድፊያ በተሠሩ ቤቶች ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ይኖረዋል፣ ከኋላው ግን የተሳበ ሽቦ ላይኖር ይችላል። አከራይህ «አለው» ቢሉህ አትመን፤ በዓይን አይታይም። ኤሌክትሪሻን በመሣሪያ ይለካው፣ አምፑንም ጠጋኝ ይየው። ይህ ለወጉ ያህል የምላት «ባለሙያ ያማክሩ» አይደለችም።

ጩኸቱስ? ክሩን ስትነካ የሚቀንስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጊታሩ ነው። ከቻርጀርና ከፍሎረሰንት መብራት ራቅ በል። ኧርዙ ከተስተካከለ በኋላ አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት አስነሳቸው።

ወንድሜ ለልጄ ከአሜሪካ አምፕ ላከለት። ገና ሲሰካ ፊውዙ ተቃጠለ። የጎረቤት ልጅ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ሊሠራልን ነው። (አባት፣ ከሰበታ)

እባክዎ ያስቁሙት! ፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው፤ ወረቀቱ ግን አይቃጠልም፣ በምትኩ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ይነዳል። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ዋቱ አምፑ ከሚፈልገው ከፍ ይበል። ፊውዙንም እዚያው በተጻፈው አምፒር ይተኩ። እንደገና ከተቃጠለ ወደ ጠጋኝ ነው። ባለቱቦ አምፕ (ውስጡ የሚሞቁ የመስታወት ቱቦዎች ያሉት) ከሆነ ደግሞ ልጁ እንዳይከፍተው፤ ከተነቀለም በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ውስጡ ሊቆይ ይችላል።

የአምፔን ድምፅ ስጨምርና ስቀንስ ይንኮሻኮሻል። የምግብ ዘይት ጠብ ላድርግበት?

አቧራ ነው፤ የጣፎን መንገድ ጠይቂው። ነቅለሽ ኮንታክት ክሊነር (የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ) ይነፋበት፣ ቁልፉን ደጋግመሽ አዙሪው። የምግብ ዘይት አይሆንም (ጠይቀሻልና)።

ክራር በጊታር አምፕ ይሠራል?

ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ) ካለው፣ አዎ።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። 100 ዋት ልግዛ?

ከማን ጋር ተጣልተህ ነው? ለጆሮ 100 ዋት ከ10 ዋት የሚበልጠው እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ግድግዳው ለ10ሩም አይበቃም። የሄድፎን መሰኪያ ያለው ትንሽ አምፕ ግዛ።