ደሴ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ውሃ ስለማፍላት ናቸው። ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ የገቡበት ጊዜ ነው መሰለኝ።

የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። ውሃ ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆመ። ጓደኞቼ መጽሐፉን አይተው 100 ብለው ጻፉ። እኔ 92 ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው?

አብሽሪ፣ ልክ የሆንሽው አንቺ ነሽ! ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር እያነሰ፣ ውሃውን የሚጫነው ግፊትም እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ለመውጣት ያን ያህል መጋል አያስፈልገውም። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። 2,500ን ለ300 አካፍዪው፣ 8 ገደማ ይመጣል። ከ100 ላይ ቀንሺው። 92!

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ላይ ብትሞክሪው ወደ 94 ታገኛለሽ፤ እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ሁለት ዲግሪ ልዩነት፣ ሁሌም ይገርመኛል። እኔ በተማሪነቴ ቴርሞሜትሩን ሳላይ 100 ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ ተሰጥቶኛል፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መምህራን፣ እባካችሁ ልጅ በዓይኑ ያየውን ስለጻፈ ማርክ አትቀንሱበት። ይልቅ ለምን 100 እንዳልሆነ ጠይቁት፣ ትምህርቱ እሱ ጋ ነው።

ከፈላ በኋላ እሳቱን ብንጨምርም ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሙቀቱ የት ገባ?

ውሃውን ወደ እንፋሎት በመቀየር ሥራ ላይ ነው። ይህ ሥራ ብዙ ሙቀት ይበላል፦ አንድ ኪሎ ውሃን ከ20 ዲግሪ ደሴ ላይ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚፈጀው ከሰባት እጥፍ በላይ። ለዚህ ነው የፈላ ድስት ሥር እሳት ብትቆሰቁስ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም።

እናት ነኝ፣ ደሴ። ውሃችን በ92 ከፈላ ጀርሙ ይሞታል?

ይሞታል እናቴ፣ አይስጉ። ጀርሞቹ 100 እስኪደርስ አይጠብቁም። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የሚመከረው በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ኮምቦልቻ ላሉት 1 ደቂቃ ይበቃል። የሚቸገሩት በሽምብራና በባቄላ ነው፣ ውሃው ቀዝቀዝ ስለሚል ለመብሰል ይዘገያሉ። ፕሬዠር ኩከር ግፊቱን ስለሚጨምርልዎ እዚያ ላይ ያግዝዎታል።

ገና ሳይፈላ ቢከሩ (ውሃ የምናፈላበት የቤተ ሙከራ ብርጭቆ) ግድግዳ ላይ ትናንሽ አረፋ ይታያል፣ ምንድን ነው?

ውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ነው። ሲሞቅ ይወጣል። መፍላት የሚባለው ትልልቅ አረፋ ከሥር ተነስቶ እስከ ላይ ሲደርስ ነው፣ ንባባችሁን ያኔ ያዙ።

መምህር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። ቢከር ተሰንጥቆብን አንድ ተማሪ እጁን ተቃጠለ። ምን እናድርግ?

መምህር፣ ልጁን እግዜር ይማርልን። ሙቀት የሚችል ብርጭቆ ብቻ ይጠቀሙ፣ ውጪውን ያድርቁት፣ ከሥሩ የሽቦ መረብ ያድርጉ። የጋለ ቢከር ቀዝቃዛና እርጥብ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። የሚፈላበትን ዕቃ ፈጽሞ ከድናችሁ አትዝጉት። በአልኮል መብራት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ እየነደደ አልኮል አይጨመርበት፤ ይህን ደጋግሜ ብናገር አልሰለችም።

የተቃጠለ እጅ ወዲያው የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይግባ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ። ውሃ ካቆረ ወይም ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።