ፍሪሲዮኑን ግራሶ ልቀባው?

ጥያቄ፦ ስኖሞቢሌ (በበረዶ ላይ የሚነዳው ሞተር) ሲነሳ ይንገጫገጫል፣ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። የፊቱን ፍሪሲዮን ፈትቼ ግራሶ ብቀባው ይሻለዋል?

መልስ፦ ግራሶውን ይተዉት። ይህ ፍሪሲዮን የጎማ ቺንጋውን በሁለት ሳህኖች መካከል ጨብጦ የሚያዞር ሲሆን የሚሠራው በደረቁ ነው፤ ግራሶ የቺንጋውን ብናኝ ሰብስቦ ቺንጋውን ያንሸራትተዋል። ከመፍታትዎ በፊት ክዳኑንና ሁለቱን ሳህኖች በማርከር ምልክት ያድርጉባቸው፤ ሚዛናቸው (ባላንስ) የተስተካከለው አንድ ላይ ስለሆነ አቀማመጣቸው ከተዛባ ይንቀጠቀጣል። ውስጡ የታመቀ ሞላ አለ፤ የክዳኑን ብሎኖች በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ ያላሉ። ከክራንኩ ለማውጣት ለሞዴሉ የተሠራ ፑለር (መንቀያ) እንጂ መዶሻ አይሞከርም፤ አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። መንገጫገጩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተበሉ ቡሾች (የመሽከርከሪያ ቀለበቶች) ወይም ጎናቸው ጠፍጣፋ ከሆነ ሮለሮች (ትንንሽ ተሽከርካሪዎች) ነው፤ ሮለሩን በጣት ሲያዞሩት የሚይዘውን ይቀይሩ። ሳህኖቹን በአሴቶን ይጥረጉ። ተቃጥሎ የሚያብለጨልጭ ቺንጋ ግን አይታከምም፣ አዲስ ይግዙ።