አንበሳው ለምን ይተኛል? ስለ ጥንታዊ መካነ አራዊት ጉብኝት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የአራትና የሰባት ዓመት ልጆች አሉኝ። በከተማችን ጥንታዊ መካነ አራዊት ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ዞርን። እንስሳቱ አብዛኞቹ ተኝተው ነበር፤ ልጆቹም በመጨረሻ እያለቀሱ ወጡ። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ የመረጣችሁት ሰዓት ነው ያጠፋው። አንበሳ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 የሚደርሰውን በእንቅልፍና በዕረፍት ያሳልፋል። ሌሎቹም ትልልቅ እንስሳት የሚነቃቁት በማለዳና ፀሐይ ሲበርድ ነው፤ እናንተ የገባችሁት እነሱ ጥላ ፍለጋ ሲሄዱ ነው። በሩ እንደተከፈተ ግቡ። ጠዋት ተንከባካቢዎቹ የማደሪያውን ቤት ለማጽዳት እንስሳቱን ወደ ውጭ ይለቋቸዋል፤ በብዙ ቦታ ምግቡን ግቢው ውስጥ በትነው ወይም ደብቀው ይጠብቋቸዋል። እንስሳው እያሸተተ፣ እየቆፈረ፣ እየወጣ እየወረደ ሲፈልግ የሚታየው ያኔ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ ከመግቢያው አጠገብ ያለውን እንስሳ ከቦ ይቆማል። እናንተ ሳትቆሙ ወደ ግቢው መጨረሻ ሂዱና ከዚያ ወደ በሩ እያያችሁ ተመለሱ። ልጆቹ እየደከሙ ሲመጡ መውጫው እየቀረባቸው ይመጣል። ከቤት ሳትወጡ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት እንስሳ ይምረጥ፣ አንዱን እናንተ ጨምሩ፤ አምስት ይበቃል። እያንዳንዱ ጋ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቆዩ። ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ቤተሰብ ያየው የእንስሳ ጀርባ ብቻ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ተኩል ከበቂ በላይ ነው፤ መክሰሱንም ራበኝ ሳይል ስጡት።

ቀትር ላይ ከፀሐይ ሸሽታችሁ ወደ ተሳቢ እንስሳት ቤት ወይም ወደ ሌሊት እንስሳት ቤት ግቡ። በሌሊት እንስሳት ቤት መብራቱ ተገላብጦ ነው የሚሠራው፦ ቀን ይጨልማል፣ ሌሊት ይበራል። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 10 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ «ባዶ ነው» ብሎ ይወጣል፤ እንስሳው ግን ፊቱ ነበረ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ አንድ ጊዜ ካበራችሁት ዓይናችሁ ልምዱን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ጥያቄ፦ እናቴ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ የስምንት ወር ሕፃንም አለን። የሕፃን ጋሪ እንውሰድ?

መልስ፦ ጥንታዊ ግቢ ደረጃና ጠጠር ይበዛዋል፣ የድሮዎቹ ቤቶች በሮችም ጠባብ ናቸው። ሰፊውን ጋሪ ትታችሁ ቀላልና ታጣፊውን ያዙ፤ ለደረጃው ማዘያ ይኑራችሁ። ለእናትዎ ተሽከርካሪ ወንበር ይገኝ እንደሆነና ደረጃ የሌለው መንገድ በየት በኩል እንደሆነ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ከዚያም የሚቆዩባቸውን አምስት ቦታዎች አግዳሚ ወንበር ካለበት ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ባዶውን የድሮ የብረት ፍርግርግ አይታ «እንስሳቱ እዚህ ታስረው ነበር?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

መልስ፦ «አዎ» ይበሏት፤ እውነቱን ለመስማት ደርሳለች። የቀድሞዎቹ መካነ አራዊት የተሠሩት ለተመልካች ዓይን ነው። እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ሁሉ ጥንታዊው፣ በቪየና የሚገኘው ሾንብሩን፣ እ.ኤ.አ. በ1752 ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ተመሠረተ። የእንስሳቱ ግቢዎች አንድን አዳራሽ ከበው ነው የተሠሩት፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ቁርሳቸውን እየበሉ እንዲያዩአቸው። የለንደኑ በ1828 ለሳይንስ ሰዎች ተከፍቶ ሕዝብ የገባበት በ1847 ነው። ከየዝርያው አንድ ሁለት ሰብስቦ ማሳየት የዘመኑ ሐሳብ ስለነበር ቤቶቹ ትንንሽ ሆኑ። ጠንካራው ወለል ደግሞ ለማጽዳት ይመች ነበር፤ በቂ መድኃኒት በሌለበት ጊዜ በሽታን የሚከላከሉት በውኃና በመጥረጊያ ነበርና።

ጀርመናዊው የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በ1907 ሃምቡርግ ላይ በብረቱ ፋንታ እንስሳው የማይዘለው ሰፊ ቦይ አደረገ። ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ሆኖም የሚያምር ነገር ሁሉ ለእንስሳው ይመቻል ማለት አይደለም። ለንደን ውስጥ በ1934 የተሠራው የፔንግዊኖች ገንዳ በሥነ ሕንፃ ውበቱ እስከ ዛሬ ይደነቃል፤ ኮንክሪቱ ግን ለእግራቸው አልተስማማም፣ በ2004 ፔንግዊኖቹ ወጡ። እዚያው ግቢ ያለው በ1830ዎቹ የተሠራ የቀጭኔ ቤት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቀጭኔ ኖሮበታል፤ ረጅም በርና ከፍ ያለ ጣሪያ ለቀጭኔ ልኩ ነው።

ልጅዎ በየግቢው ሦስት ነገር ትመልከት፦ እግሩ የሚረግጠው ምን ዓይነት መሬት ነው? የሚወጣበት ከፍታ አለው? ሰው እንዳያየው መደበቂያ አለው? መደበቂያው ካለ እንስሳውን ላታዩት ትችላላችሁ። ያ ለእሱ ደግ ነገር እንደሆነ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ አንድ ነብር በአጥሩ ሥር አንዱን መስመር እየደጋገመ ይመላለስ ነበር። ታሞ ይሆን?

መልስ፦ አሥር ደቂቃ ቆመው ካላዩት አይታወቅም። ምግብ ሊቀርብለት ሲል የሚመላለስ እንስሳ ጆሮውን ይቀስራል፣ ወደ በሩ ያያል፣ ድምፅ ሲሰማ ይቆማል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚዞር፣ ርምጃው የማይለወጥ፣ ለአካባቢው ደንታ የሌለው ከሆነ ግን መታገት ያመጣበት ልማድ ሊሆን ይችላል። በዱር ረጅም ርቀት የሚያስሱ ሥጋ በሎች ይህ ይብስባቸዋል፤ ወደ ተሻለ ግቢ ከተዛወሩም በኋላ ልማዱ አንዳንዴ አብሯቸው ይቀራል። ተንከባካቢውን «ምን እያደረጋችሁለት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ የጎብኚ መብት ነው። ልጆች በአጥሩ ሥር እየሮጡ እንዳያሳድዱት፣ መስታወትም እንዳይመቱ አደራ። ጎሪላ ፊት ደግሞ አፍጥጦ ማየት ለእሱ ዛቻ ነው፤ ጎን ብላችሁ ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ በሽቦ አጥር የማነሣው ፎቶ ሁሉ ሽቦው ብቻ ይወጣል።

መልስ፦ ስልክ ከሆነ፣ መከላከያ አጥሩን ሳያልፉ መድረስ ከቻሉ፣ ሌንሱን በሽቦው ቀዳዳ ልክ አስጠግተው ይያዙት። በካሜራ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) በሰፊው ይክፈቱ፣ እንስሳውን በዙም ያቅርቡ፣ እንስሳው ከሽቦው ራቅ እስኪል ይጠብቁ፤ ያኔ ሽቦው ደብዝዞ ይጠፋል። በመስታወት ሲሆን ሌንሱን መስታወቱ ላይ ያስጠጉና ፍላሹን ያጥፉ። ሞቃትና እርጥብ ወደሆነ ቤት ሲገቡ ሌንሱ በጉም ይሸፈናል፤ ካሜራው ከነቦርሳው ሩብ ሰዓት ይሙቅ። ለፎቶ ብሎ ልጅን አጥር ላይ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ጥያቄ፦ ልጆች ፍየልና በግ ወደሚነኩበት ቦታ ስንገባ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ ጤናማ የሚመስል እንስሳም ኢ.ኮላይና ሳልሞኔላ የሚባሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ጋሪ፣ ጡጦ፣ ምግብና አሻንጉሊት ውጭ ይቅሩ። ሲወጡ በሳሙናና በውኃ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ፤ የእጅ ማጽጃ ጄል ብቻውን ቆሻሻ አያስለቅቅም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁን ራሱ አጥቦ ጨረሰ አይባልም፤ እናንተው እጠቡት። ከቤት ያመጣችሁትን ዳቦም አትስጡ፤ የሚያመሰኩ እንስሳትን ሆድ ይነፋል። ፌስታል የዋጠ እንስሳ ደግሞ ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጅ ቢጠፋብንስ?

መልስ፦ ጠዋት በሩ ላይ የዕለቱን ልብስ እንደለበሰ ፎቶ አንሡት፣ ስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ከጠፋ ባለበት እንዲቆም፣ የሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው ካየ እንዲነግረው አስተምሩት፤ ልብሱንም ስትገቡ በጣታችሁ አሳዩት። ከእናንተ አንዱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ ይቁም፣ ሌላው ወዲያው ለሠራተኛ ይናገር፤ መውጫውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸውና።