መልስ፦ ሀብቱ እያለ ደስታው ለምን ይጠፋል?
ወዳጄ፣ «እግዚአብሔር ሀብት ከሰጠኝ ደስታው ለምን አብሮ አልመጣም?» ብለህ ጠይቀሃል። መክብብ 5 እና 6ን አያይዘህ አንብባቸው። 5፥19 ላይ ሀብት አንድ ስጦታ ነው፤ በሀብቱ መደሰት መቻል ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ስጦታ። 6፥2 ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሞልቶለታል፤ የሚበላለት ግን ሌላ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የማርቆስ 10 ሰውዬ ነው። ሮጦ መጣ፣ ኢየሱስ ፊት ተንበረከከ። ኢየሱስም አይቶ ወደደው። ያለውን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ ሲነግረው ግን ፊቱ ጠቁሮ፣ አዝኖ ሄደ። ያዘነው እኮ አጥቶ አይደለም፤ ብዙ ስለነበረው ነው!

ገንዘብ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ አብርሃምም ባለጠጋ ነበር። 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥17-18ንም እይ። ጳውሎስ ባለጠጎችን ተስፋቸውን በእግዚአብሔር ላይ እንዲያደርጉና እንዲያካፍሉ ነው የሚመክራቸው። አንተም ከዚያ ጀምር፤ ለአንድ ሰው አካፍል።