መልስ፦ የደጋ ተራራን ሕዝቡ ራሱ መጠበቅ ይችላል?

«ጥበቃውን ለአካባቢው ሰው መተው ተራራውን ማስበላት አይሆንም ወይ?» ላልከው፣ በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳ ተመልከት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን ይህን ውርጫማ አገር ለ400 ዓመታት ያህል ያቆየው ቄሮ የሚባለው የነዋሪው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይከለከላል፤ አድጎ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ከዝናብ ለሚከልለው የሣር ልብስ ለጌሳ ይታጨዳል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የኖሩት በዚሁ ክልከላ ጥላ ሥር ነው።

ሥርዓቱ የተናጋው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ በጓሳው የመጠቀም መብት የነበራቸው ነዋሪዎች መብታቸውን ሲያጡ ነበር። ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመ። እኔን የሚያሰጋኝ ገበሬው አይደለም፤ ሳያማክሩት የሚወጣ ደንብ ነው። ማጨድ የተፈቀደለት ሰው ሌባውን ራሱ ይይዛል።