ንስሐ ከገቡበት በኋላ የማይለቅ ትዝታ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎት። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከቆቦ አካባቢ ተነሥተን ወደ ኮረም መጠለያ ስንሄድ፣ ከአላማጣ በላይ ባለው ዳገት ላይ፣ እናቴ ለሁለታችን ብላ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠረችልኝን ቆሎ ታናሽ ወንድሜ እንቅልፍ ሲወስደው ብቻዬን ጨረስሁት። ኮረም በገባን በሳምንቱ ዐረፈ። ንስሐ ገብቼ ቀኖናዬን ከፈጸምሁ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን አሁንም ሌሊት እየባነንሁ እነቃለሁ፤ ልጄ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር «ቅጣቱ መጣ» እላለሁ። ንስሐዬ ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነው? እንደ ገና ልናዘዝ? ተዝካርስ ላውጣለት? (ከወልድያ)

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ የጠየቁት ሦስት ነገር ቢመስልም መነሻው አንድ ነው፤ ይኸውም «ካልተረሳኝ ይቅር አልተባልሁም» የሚለው ሐሳብ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አታስተምርም። በ50ኛው መዝሙር «ኀጢአቴም ሁልጊዜ በፊቴ ነውና» እያለ የሚያለቅሰው ዳዊት፣ ነቢዩ ናታን «እግዚአብሔር ኀጢአትህን አርቆልሃል» ያለው ያው ዳዊት ነው። ስለዚህ በካህን ፊት ተናዘው፣ ቀኖናዎን ፈጽመው፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» የተባሉበትን ነገር እንደ አዲስ መናዘዝ አያስፈልግዎትም፤ ለንስሐ አባትዎ ሊነግሩ የሚገባው ያን ቆሎ ሳይሆን አሁን የያዘዎትን ፍርሃት ነው።

«ከቤርሳቤህ በኀጢአት የተወለደው የዳዊት ሕፃን ግን ሞቷል» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳዊት ግን ያን በነቢይ አፍ ተነግሮት ዐወቀው እንጂ በሥጋት አልገመተውም። ለእርስዎ የተላከ እንዲህ ያለ ቃል የለም፤ ያለው በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 «ልጅ የአባቱን ኀጢአት አይሸከምም» የሚለው ነው። የልጅዎ ስልክ ባትሪው አልቆ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ የእግዚአብሔርን ፍርድ ለማንበብ መሞከር፣ አጥብቄ ልናገርና፣ መንፈሳዊነት አይደለም።

ስለ ወንድምዎ ሞትም አንድ ነገር ልበል። በዚያ ዘመን በመጠለያዎቹ ብዙ ሕፃናትን የጨረሰው ረኃቡ ብቻ ሳይሆን ተስቦና ኩፍኝም ጭምር ነበር። አንድ ጭብጥ ቆሎ ያተርፈው ነበር ብሎ ሊናገር የሚችል ሰው የለም፤ እርስዎም ብዙ ሌሊት የፈረዱባት ያች ልጅ ራሷ የተራበች ሕፃን ነበረች። ይህን የምለው ንስሐዎን ለማቃለል አይደለም፤ በራስዎ ላይ የሚሰጡት ፍርድ እግዚአብሔር ከሰጠው እንዳይበልጥ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። የወንድምዎን የክርስትና ስም ለካህኑ ነግረው በቅዳሴ ጸሎት እንዲታሰብ ያድርጉ። ተዝካሩን በተመለከተ ጸሎቱና ምጽዋቱ ይበቃል፤ በእኛ አገር ሰው አያማኝ ተብሎ ተበድሮ የሚደገስ ድግስ ለሟች አይጠቅምም፣ ለቋሚም ዕዳ ይተርፋል። ጌታ ጴጥሮስን ክህደቱን አላስረሳውም፤ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ከጠየቀው በኋላ በጎቹን እንዲጠብቅ አዘዘው እንጂ። እርስዎም ከቻሉ በአጥቢያዎ ካሉት የቆሎ ተማሪዎች የአንዱን ስንቅ በወንድምዎ ስም ይቻሉ። ወደ ግሸን ማርያም መስከረም 21 መሄድም መልካም ነው፤ ሆኖም ስርየቱ አልደረሰኝም ብለው ሳይሆን ሊያመሰግኑ ይሂዱ።

እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታ ሐኪም ያማክሩ፤ ጠበል መጠመቅዎ ይህን አይከለክልም። ጉዳዩን ለልጆችዎ የመንገር ግዴታ የለብዎትም፤ ሊነግሯቸው ከወደዱ ግን የት፣ መቼና እንዴት እንደሚሆን አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት።